ስለ ልጅ አስተዳደግ በየአገሩ፤ ፍቅር ጥፋት መስሎ ስለሚታይበት ጊዜ

ልጁን የማይወድ ሕዝብ በምድር ላይ የለም። የሰው ቋንቋው፥ ሃይማኖቱ፥ ቀለሙና አገሩ ቢለያይም ልጁ ሲታመምበት መጨነቁ፥ ሲድንለትም ደስ መሰኘቱ አንድ ነው። ነገር ግን ፍቅሩን የሚገልጽበት መንገድ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል፤ ከመለያየቱም የተነሣ አንዱ ሕዝብ ለልጄ ርኅራኄ አደረግሁለት የሚለው ነገር በሌላው ሕዝብ ዐይን ጭካኔ ወይም ቸልተኝነት ሆኖ ይታያል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነገር ነው። ለትምህርት፥ ለመንግሥት ሥራ ወይም ለኑሮ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ወገናችን ብዙ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ለጨዋታ ያህል ብቻ አላነሣነውም፤ በዚህ ልዩነት ምክንያት ልጆቻቸው ከእጃቸው የተወሰዱባቸው ወላጆች አሉና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድመን ሕፃን የት እንደሚተኛ እንመልከት። በአገራችን አራስ ልጅ ከእናቱ ጎን ይተኛል፤ የት ይተኛ ብሎ የሚጠይቅም ሰው የለም። ሌሊት ሲነቃ ጡት ቅርቡ ነው፤ ቀን ደግሞ በአንቀልባ ታዝሎ የእናቱን ሥራ ሁሉ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ ይመለከታል። እናቲቱ ስትወቅጥ አብሮ ይወዛወዛል፤ ገበያ ስትሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ሲያለቅስ እሹሩሩ ይባላል። እርሷ ስትደክም ታላቅ እኅቱ ወይም አክስቱ ትቀበላታለች። ባለጸጋ በሆነውም ቤት ቢሆን ሞግዚት ትያዝለታለች እንጂ ሕፃኑን በአንድ ክፍል ብቻውን ዘግቶበት መሄድ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ጃፓኖችም በዚህ ነገር ከእኛ ጋራ ይስማማሉ። በወለል ላይ በሚነጠፈው ፍራሻቸው አባትና እናት ዳርና ዳር ሆነው ልጁን በመካከላቸው ያስተኙታል፤ ይህንንም አተኛኘት ወንዝ ተብሎ በሚነበበው ፊደላቸው ስም ይጠሩታል። ፊደሉ ወደ ታች የወረዱ ሦስት መሥመሮች ያሉት ሲሆን የመካከለኛው አጭር ስለ ሆነ፥ በእውነትም በሁለት ታላላቅ ሰዎች መካከል የተኛ ልጅ ይመስላል። ዊልያም ኮዲልና ዴቪድ ፕላዝ የሚባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1966 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ የጃፓን ቤተ ሰብ አብሮ የሚተኛው ቤት ስለ ጠበበው ብቻ አለመሆኑን፥ ክፍል ተርፎትም አብሮ መተኛትን እንደሚመርጥ ገልጸዋል።

አሜሪካዊው ግን ልጁ ገና ሳይወለድ ክፍሉን ቀለም ቀብቶ፥ አልጋውን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህን የሚያደርገው ልጁን ከአጠገቡ ለማራቅ ፈልጎ አይደለም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለብቻው መተኛትን የለመደ ልጅ በራሱ የሚተማመን ሰው ይሆናል ብሎ ስለሚያምን ነው። የሐኪሞችም ምክር አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋራ በአንድ ክፍል ውስጥ፥ ነገር ግን በተለየ አልጋ ላይ እንዲተኛ ይመክራል፤ በወፍራምና ለስላሳ ፍራሽ፥ በትራስና በብርድ ልብስ መካከል የተኛ ሕፃን ሊታፈን ይችላልና። ይኸው ማኅበር በ1992 ዓ.ም. ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ከመከረ፥ ከሁለት ዓመት በኋላም ምክሩ በአገሩ ሁሉ ከታወጀ ወዲህ፥ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በዐሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ልማድን እንደ ልማድነቱ ብናከብርም፥ ከአገራችን መደብ ወደ አውሮፓ ለስላሳ ፍራሽ የተዛወረች እናት ይህን የሐኪሞች ቃል ብትሰማ ትጠቀማለች እንጂ አትጎዳም።

የፊንላንድ መንግሥት ደግሞ ለእናቶች ሣጥን ይሰጣል። ይህ ልማድ በ1938 ዓ.ም. ለድኾች እናቶች ብሎ የተጀመረ ሲሆን፥ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ለእናቶች ሁሉ ሆኗል። በውስጡ የሕፃን ልብስና መኝታ አለበት፤ ሣጥኑ ራሱም ትንሽ ፍራሽ ስላለው ብዙ የፊንላንድ ሰዎች የመጀመሪያ እንቅልፋቸውን የተኙት በዚሁ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ነው። የሀብታሙም የድኻውም ልጅ በአንድ ዓይነት ሣጥን መተኛቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዴንማርኮች ልማድ ነው። ዴንማርካዊት እናት ሕፃኗን በሙቅ ልብስ ጠቅልላ፥ በጋሪው ውስጥ አስተኝታ ከደጅ ታቆመዋለች። ክረምት ቢሆን፥ ብርድ ቢሆን ንጹሕ አየር ለሕፃን ጤና ነው፥ እንቅልፉንም ያሳምረዋል ብለው ያምናሉ። ቡና ለመጠጣት ወይም ምሳ ለመብላት ወደ አንድ ቤት የገባች እንደ ሆነም ጋሪውን ከመስኮቱ በታች ትታ፥ እርሷ ከውስጥ ሆና በመስተዋቱ ትመለከተዋለች። በከተማቸው ሲዘዋወር በየቡና ቤቱ ደጃፍ የቆሙ ጋሪዎችን የሚያይ እንግዳ፥ የዚህ አገር እናቶች ልጆቻቸውን ረስተው ሄዱን ብሎ ይደነግጣል። የሰው ልጅ ብርድ መታው፥ ዐይን ወደቀበት፥ ቡዳ በላው ብላ የምትሠጋው የእኛ አገር እናት ብታየውማ እጅዋን በራሷ ላይ ጭና መጮኋ አይቀርም።

በ1997 ዓ.ም. አንዲት ዴንማርካዊት እናት ይህን ልማዷን ይዛ ኒውዮርክ ገባች። ከልጅዋ አባት ጋራ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገብታ ስትቀመጥ የዐሥራ አራት ወር ሴት ልጅዋን በጋሪዋ ውስጥ እንዳለች ከመስኮቱ በታች ተወቻት። መንገደኞች አይተው ለፖሊስ ነገሩ። ፖሊስም መጥቶ እናትና አባትን ሕፃን ልጅ ለአደጋ አጋልጣችኋል ብሎ አሠራቸው፤ ልጅቱም ተወስዳ ለአራት ቀን ያህል ከማታውቃቸው ሰዎች ዘንድ ቆየች። በኮፐንሃገን የአገርዋ ሰዎች አሜሪካውያን አበዱ እንዴ አሉ፤ በኒውዮርክ ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለች እናት አትታይም አሉ። በኋላ ክሱ ተሰረዘ፤ እናቲቱም ከተማይቱን ከሳ በ1999 ዓ.ም. ከ66 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ካሣ ተፈረደላት።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። ጋሪው ያው ጋሪ ነው፤ የእናቲቱም ፍቅር ያው ፍቅር ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። በኮፐንሃገን መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጋሪውን ሲያይ የሕፃኑ እናት ከውስጥ እንዳለች ያውቃል፤ ሕፃኑም ቢያለቅስ የሚያልፈው ሰው ገብቶ ይጠራታል። ስለዚህ ልማዱ የእናቲቱ ብቻ ሳይሆን የመንገደኛውም ጭምር ነው። እናቲቱ ወደ ኒውዮርክ ስትሄድ የራሷን ድርሻ ይዛ ሄደች፤ የመንገደኞቹን ድርሻ ግን ይዛ ልትሄድ አልቻለችም። ከአገሩ የወጣ ወላጅን ሁሉ የሚያገኘው ችግር ከዚህ የሚመነጭ ይመስለናል።

ሕፃን ሲያለቅስም እንዲሁ ነው። ሮበርት ለቪን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው በጎረቤታችን በኬንያ የሚኖሩትን የጉሲ ሕዝብ እናቶች በቦስተን ከተማ ከሚኖሩ እናቶች ጋራ አስተያይተው በ1994 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትመዋል። የጉሲ እናት ሕፃኗ ገና ድምፅ ሲያሰማ አንሥታ ታጠባዋለች፤ ነገር ግን ፊት ለፊት እያየችው ብዙ አታወራውም። የቦስተኗ እናት ግን ሕፃኗን እንደ ትልቅ ሰው ስታወራው፥ ስትጠይቀው፥ መልስም ስትጠብቅለት ትውላለች፤ ሲያለቅስ ግን ጥቂት ትታገሣለች። የጉሲ እናቶች የአሜሪካውያን እናቶችን አኗኗር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ባዩ ጊዜ፥ ሕፃኑ እያለቀሰ እናቱ ፈጥና ባለማንሣቷ አዘኑ። ለቪን እንደሚያስረዱት የጉሲ እናት ዋና አሳብ ሕፃኗ ከበሽታና ከሞት እንዲተርፍላት ነው፤ ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት አገር ለቅሶ የበሽታ መልእክተኛ ነውና። ልጅዋ እንደማይሞት የተማመነችው የቦስተን እናት ደግሞ ስለ ንግግሩና ስለ ትምህርቱ ከጧቱ ትጨነቃለች።

አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ራሳቸው በአንድ ልማድ ጸንተው ኖሩ ማለትም አይደለም። ጆን ዋትሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1928 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳይስሙ፥ በጉልበታቸውም ላይ እንዳያስቀምጡ መክሮ፥ ጧት ሲነሡ እንደ ሹም እጅ መጨበጥ ይበቃቸዋል ብሎ ነበር። ይህን ያነበቡ እናቶች ሁሉ እንደ ቃሉ ፈጸሙት ብለን አናምንም፤ በሩን ዘግተው የሳሙ ብዙዎች እንደሚሆኑ እንገምታለን። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1946 ዓ.ም. ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ መጽሐፋቸውን ባወጡ ጊዜ የነገሩን መልክ ለወጡት፤ እናቶች በገዛ ልባቸው እንዲተማመኑ፥ ልጆቻቸውንም ያለ ፍርሃት እንዲያቅፉ አስተማሩ። በዚሁ በሊቃውንት ምክር ዘመን ሁሉ የእኛ እናቶች ማንንም ሳያማክሩ ሲያዝሉና ሲስሙ ኖረዋል።

ልጅ ከፍ ሲል ደግሞ ከቤት የሚወጣበት ጊዜ ይመጣል፤ እዚህም ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው። በጃፓን የስድስት ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ ተሰልፎ በእግሩ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ክፍሉን ራሱ ይጠርጋል፤ ምሳውንም በተራ ያድላል። በ1991 ዓ.ም. በጃፓን ቴሌቪዥን የተጀመረ አንድ ዝግጅትም አለ፤ ትንንሽ ልጆች፥ ከእነርሱም ውስጥ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጆች የሚገኙበት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ወደ ሱቅ ሲላኩ የሚያሳይ ነው። ሥዕል አንሺዎቹ ተደብቀው ይከተሏቸዋል፤ ባለ ሱቁና ጎረቤቱም ነገሩን ያውቃሉ። ልጁ መንገድ ላይ ያለቅሳል፥ የተላከበትን ይረሳል፥ ተመልሶ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ግን ዓሣውንና ጎመኑን ተሸክሞ ሲገባ ከእናቱ ይልቅ እርሱ ይኮራል። ይህ ዝግጅት በ2022 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም ሕዝብ በቀረበ ጊዜ አሜሪካውያን ተገረሙ። በእነርሱ ዘንድ ልጆቻቸው ብቻቸውን ከመናፈሻ ወደ ቤት በእግር እንዲመለሱ የፈቀዱ ወላጆች ተመርምረዋልና። ከዚህም የተነሣ የዩታ ግዛት በ2018 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ፥ ልጅን ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መጫወቻ ስፍራ እንዲሄድ መፍቀድ እንደ ቸልተኝነት እንዳይቈጠር ደንግጓል። ልጅ በእግሩ እንዲሄድ አዋጅ ማስፈለጉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሳያስቅ አይቀርም።

ነገር ግን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስና የቆሎ ተማሪን እናስብ። ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ፥ ብዙ ጊዜም ለወላጆቹ ሳይናገር፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከአገሩ ይወጣል። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ፥ ድጓ ፍለጋ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። በሣር ጎጆ እያደረ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ እየለመነ፥ ውሻ እየነከሰው፥ ሌሊቱን ቀለም ሲቈጥር ያነጋል። ይህን ልጅ አንድ የአውሮፓ መርማሪ ቢያየው ምን ብሎ ይጽፈው ይሆን? ወላጅ የጣለው፥ መጠለያና ምግብ ያጣ ሕፃን ብሎ መጻፉ አይቀርም። እኛ ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል መምህራንና ሊቃውንት፥ ታላላቅ ጸሐፊዎችም እንደ ወጡ እናውቃለን። የሚያበላቸውም የታወቀ ነው፤ እንጀራውን የምትቈርስለት የባላገር ሴት የሰው ልጅ መሆኑን ሳትዘነጋ፥ የእኔም ልጅ በሌላ አገር እንዲህ ይለምን ይሆናል ብላ ነው። እርግጥ ነው፥ በርዶትና ርቦት የቀረ፥ ታሞም አስታማሚ ያጣ ልጅ ብዙ ነው፤ ከመከራው የተረፉትን ብቻ ቈጥረን ልማዱን ማወደስ አይገባንም።

የእንግሊዝ መኳንንትም በዚህ ነገር ከቆሎ ተማሪ ወላጆች ብዙ አይርቁም። የስምንት ዓመት ልጃቸውን ከእናቱ ጉያ አውጥተው ለአዳሪ ትምህርት ቤት መስጠት የቈየ ልማዳቸው ነው። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ በ1957 ዓ.ም. ቺም ወደሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገቡ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የንጉሥ ልጅ ለብቻው አልቅሶ ማደሩ ለአገር መሪነት ያዘጋጀዋል ብለው ያምናሉ። ያው ሕፃን ግን ከሩቅ አገር በመጣ ድኻ ስደተኛ ቤት ለብቻው ሲያለቅስ ቢገኝ ስሙ ሌላ ይሆናል።

ስለ አባቶችም አንድ ቃል እንናገር። ስዊድን በ1974 ዓ.ም. የእናቶችን የወሊድ ፈቃድ ለእናትና ለአባት በጋራ በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ዛሬ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው የፈቃድ ቀን 480 ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 90ው ለእናት ብቻ፥ 90ው ደግሞ ለአባት ብቻ የተመደበ ነው፤ አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል እንጂ ለእናቲቱ አይተላለፍም። ስለዚህ በስቶክሆልም መንገድ በሥራ ሰዓት የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሹም ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን በ2019 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ለእናት 120 ቀን፥ ለአባት ደግሞ 3 ቀን ይሰጣል። ሦስት ቀን የገንፎውን ድግስ እንኳ አያስጨርስም፤ ነገር ግን አባት ለአራስ ቤት ያስፈልጋል የሚል አሳብ በሕግ መጻፉ ራሱ ቀላል አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ልማድን ስለ መታገሥ ነው። ሁሉ ነገር ግን በልማድ ስም የሚታለፍ አይደለም። ልጅን መግረፍ በብዙ አገር ከአባት ወግ የሚቈጠር ነበር፤ በስዊድንም እንዲሁ ነበር። ዝነኛዋ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ወይዘሮ አስትሪድ ሊንድግሬን በ1978 ዓ.ም. በፍራንክፉርት ከተማ ሽልማት ሲቀበሉ፥ አንዲት አሮጊት አጫወቱኝ ብለው የተናገሩት ታሪክ አለ። አሮጊቷ በወጣትነታቸው ጊዜ ትንሽ ልጃቸው አንድ ጥፋት አጥፍቶባቸው፥ የሚገረፍበትን አርጩሜ ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ ሰደዱት። ልጁ ቈይቶ እያለቀሰ ተመለሰ፤ አርጩሜ አጣሁ፥ ነገር ግን ይህን ልትወረውሪብኝ ትችያለሽ ብሎ ድንጋይ ሰጣቸው። እናቲቱም ነገሩን በልጅዋ ዐይን አዩት፤ እናቴ ሊያመኝ ከፈለገች በድንጋይም ቢሆን ያው ነው ብሎ አስቦ ነበርና። አቅፈውት አብረው አለቀሱ፤ ድንጋዩንም በወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ለማስታወሻ አኖሩት። በማግሥቱ ዓመት በ1979 ዓ.ም. ስዊድን ወላጅም ቢሆን ልጁን እንዳይመታ የሚከለክል ሕግ ከዓለም ሁሉ ቀድማ አወጣች። ሕጉም በየቤቱ እንዲታወቅ በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር ታተመ። ዛሬ ይህን ምሳሌ የተከተሉ አገሮች ከ60 ይበልጣሉ።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። በቤት ውስጥ ግን ልጅን በበርበሬ ማጠን፥ አስሮ መግረፍ ሲደረግ የኖረ ነገር ነው፤ ይህን የባህል ልዩነት ነው እያልን ልንከላከልለት አይገባንም። እናት ጎን መተኛትና በበርበሬ መታጠን በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ዐይኑ የሚቃጠለው ልጅ ኢትዮጵያዊም ሆነ ስዊድናዊ ያው ይቃጠላልና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ወላጅ ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ሕግ ሥር ሲገባ፥ ልማዱን የሚመዝነው ልማዱን የማያውቅ ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በስታቫንገር ከተማ ይኖሩ ከነበሩ ሕንዳውያን ባልና ሚስት ላይ ሁለት ልጆቻቸውን የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወሰደባቸው። ወላጆቹ ከተቈጠሩብን ጥፋቶች አንዱ ልጃችንን በእጃችን ማጉረሳችን፥ ሌላው ከእኛ ጋራ በአንድ አልጋ ማስተኛታችን ነው ብለው ተናገሩ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የባህል ልዩነት የውሳኔው ምክንያት አይደለም ብሎ መለሰ። ነገሩ የሁለቱ መንግሥታት ክርክር ሆኖ፥ በ2012 ዓ.ም. ልጆቹ ለአጎታቸው ተሰጥተው ወደ ሕንድ ሄዱ፤ እናቲቱም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በካልካታ ፍርድ ቤት ውሳኔ ልጆቿን ተረከበች። ከሁለቱ ወገን እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ እኛ ዳኞች አይደለንም። ነገር ግን ጉርሻ ፍቅር በሆነበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ እንዴት ሳንደነግጥ እንቀራለን?

የእኛም ሰዎች በየአገሩ የሚያገኛቸው እንዲሁ ነው። ልጃችን በትልቅ ሰው ፊት ዐይኑን ሰብሮ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲቆም ተምሯል፤ አስተማሪው ግን ዐይን ለዐይን ያላየው ልጅ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። ስማችንም ያሳስታል፤ ባል በአባቱ፥ ሚስት በአባቷ፥ ልጅም በአባቱ ስም ስለሚጠሩ በአንድ ቤት ሦስት የአባት ስም ይገኛል። የመግቢያ ደብዳቤ የሚመረምረው ሹም ይህች ሴት የዚህ ልጅ እናት ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለ ብሎ ይጠይቃል። የልደት ምስክር ወረቀት ተተርጒሞ በእጅ መገኘቱ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ልብ ይነካል። ከ1984 እስከ 1985 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ሄዱ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ዐሊያት ሃኖዓር በሚባለው ድርጅት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ልጆቹ ዕብራይስጡን ፈጥነው ሲያውቁ አባቶች ዘገዩ፤ ስለዚህ አባት ወደ ሐኪምና ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ ግድ ሆነበት። በጎንደር ሳለ በሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጦ ይፈርድ የነበረ ሰው፥ ደብዳቤውን የዐሥር ዓመት ልጁ ካላነበበለት የማይረዳ ሆነ። የአባትነቱን ክብር ማንም በአዋጅ አልሻረበትም፤ ነገር ግን ቋንቋው ከእጁ ሲወጣ ክብሩ አብሮ ሄደበት። በዋሽንግተንና በስቶክሆልም የሚኖሩ ወላጆችም ይህን ያውቁታል።

የመንግሥት ሥራ ላላቸው አንባቢዎቻችን ሁለት የሕግ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1963 ዓ.ም. ስለ ቆንስላ ግንኙነት በቪየና የተደረገው ስምምነት በ36ኛው አንቀጽ፥ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሲታሠር ቆንስሉ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ሳይዘገይ እንዲገለጽለት ያዛል። 37ኛው አንቀጽ ደግሞ ዕድሜው ላልደረሰ የውጭ አገር ልጅ ሞግዚት መሾም ያስፈለገ እንደ ሆነ ለቆንስሉ ሳይዘገይ እንዲነገር ያዝዛል። በ1989 ዓ.ም. የተደረገውና ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነትም፥ ከወላጆቹ የተለየ ልጅ ለማን እንደሚሰጥ ሲወሰን የዘሩ፥ የሃይማኖቱ፥ የባህሉና የቋንቋው ነገር እንዲታሰብበት ያስገድዳል። ልጁ ከተወሰደ በኋላ ብዙ ወራት ቈይቶ ወደ ቆንስላ የሚሄድ ወላጅ እጅግ ዘግይቷል፤ በመጀመሪያው ቀን ሊሄድ ይገባዋል።

መዘግየት ምን እንደሚያስከትል የአንዲት ሶማሊያዊት እናት ነገር ያሳያል። ይህች እናት ወንድ ልጅዋን በ2009 ዓ.ም. በኬንያ ወልዳ በማግሥቱ ዓመት ወደ ኖርዌይ ገባች። በዚያው ዓመት ልጁ ተወሰደባት። ለዘመዷ ወይም ለሶማሌ ወይም ለእስላም ቤተ ሰብ ይሰጥልኝ ብላ ለመነች፤ የተሰጠው ግን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ነው። በ2015 ዓ.ም. እነዚያ ሰዎች በማደጎ ልጅነት እንዲወስዱት ፍርድ ቤት ፈቀደ፤ የእናቲቱም እናትነት በሕግ ተቋረጠ። ነገሩ ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄዶ፥ በታኅሣሥ 10 ቀን 2021 ዓ.ም. ታላቁ ችሎት በአንድ ድምፅ ኖርዌይ የቤተ ሰብ ኑሮ መብቷን ጥሳለች ብሎ ፈረደላት። በዚያን ጊዜ ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። እናቲቱ በክርክሩ ላይ ልጄ ይመለስልኝ ብላ አልጠየቀችም፤ ካሳደጉት ሰዎች ጋራ እንደ ተላመደ ታውቅ ነበርና። የጠየቀችው አልፎ አልፎ እንድታየው፥ የወጣበትንም ሕዝብና ሃይማኖት እንዳይረሳ ነበር።